ጋዙ ቢያመልጥ ወዴት ይሄዳል? ሲሊንደር ቤት ውስጥ ስለማስቀመጥ

«የት ላስቀምጠው?» ሲሊንደር የገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የምድጃ ጥገና ሱቄ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የጋዝ ጎማ እቀይራለሁ፣ ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ) እገጥማለሁ፣ ሰው ቤት ድረስ ሄጄም ምድጃ አያይዛለሁ። በዚህ ሥራ የብዙ ሰው ጓዳ አይቻለሁ፤ የኮንዶሚኒየሙን፣ የቀበሌ ቤቱን፣ የካፌውን፣ የምግብ ቤቱን።

መልሴ ሁሌም በሌላ ጥያቄ ይጀምራል። ጋዙ ቢያመልጥ ወዴት ይሄዳል? ሲሊንደሩ ደህና፣ ጎማውም አዲስ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ቀን ጎሚኒው (መጋጠሚያው ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት) ያረጃል፣ ልጅ የምድጃውን ቁልፍ ያዞረዋል፣ ወጥ ገንፍሎ እሳቱን ያጠፋዋል። ያን ቀን ጋዙ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ የታሰበበት መሆን አለበት። ለእኔ ቦታ መምረጥ ማለት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ሁለቱን ጋዞች እንለይ። አዲስ አበባ ውስጥ በሲሊንደር የምንገዛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። በሌላው ዓለም በቧንቧ ቤት ድረስ የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ በአብዛኛው ሜቴን ነው። ሁለቱም ሰማያዊ ነበልባል አላቸው፣ ሁለቱም ወጥ ያበስላሉ። ሲያመልጡ ግን አካሄዳቸው ተቃራኒ ነው። ሜቴን ከአየር በግማሽ ገደማ ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የእኛው ጋዝ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይተኛል።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛው የቧንቧ ጋዝ ላለው ሰው የተሰጠ ነው። «የጋዝ አላርሙን (ጋዝ ሲያመልጥ የሚጮኸውን ዕቃ) ጣሪያው ሥር ስቀሉት» ይላል። ለሜቴን ልክ ነው። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ አገር የተላከለትን አላርም ከቁም ሳጥኑ በላይ አሳምሮ ሰቅሎት አገኘሁ። የእኛ ጋዝ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ታች ያለው ክፍል ሞልቷል። ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራ አላርም መሆኑን አረጋግጡና ከወለሉ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ከፍታ ላይ ግጠሙት። ማሽተት ለተሳነው ሰው፣ ለሽማግሌም ሆነ በሕመም ምክንያት አፍንጫው ለደከመ፣ ይህ ዕቃ ትልቅ ነገር ነው።

ትልልቆቹ እንዴት ያስቀምጣሉ?

የተፈጥሮ ጋዝ አቀማመጥን ማወቅ ለቤታችንም ይጠቅማል። ጥያቄው አንድ ነውና።

ዓለም የተፈጥሮ ጋዙን በብዛት የሚያስቀምጠው ከመሬት በታች ነው። ነዳጅ ወይም ጋዝ ወጥቶላቸው ያለቁ ጉድጓዶች አሉ፤ ጋዙን መልሰው እዚያ ይጨምቁታል። ይህ መጀመሪያ የተሠራው በ1915 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ዌላንድ በሚባል አውራጃ ነው። ዛሬም ዋናው ዘዴ እሱ ነው። በበጋ ይሞላሉ፣ ክረምቱ ሲከብድና ቤት ማሞቅ ሲጀመር ያወጣሉ። የገባው ሁሉ ግን አይወጣም። የተወሰነው ክፍል ግፊቱን ጠብቆ እንዲያቆይ ሁልጊዜ እዚያው ይቀራል። ውሃ ያዘለ ድንጋይ ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ። የጨው ድንጋይ በውሃ አሟምተው በተፈጠረው ዋሻ ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ፤ ይህኛው በፍጥነት ለመሙላትና በፍጥነት ለማውጣት ይመቻል።

ሁለተኛው መንገድ ማቀዝቀዝ ነው። ሜቴን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል፣ የሚይዘው ቦታም ወደ 600 እጥፍ ያንሳል። በመርከብ ባሕር የሚያቋርጠው እንዲህ ሆኖ ነው። ሦስተኛው እዚያው በጋዝነቱ አጥብቆ መጨመቅ ነው፤ ከ200 ባር በላይ በሆነ ግፊት ወፍራም ጋን ውስጥ ገብቶ መኪና ያንቀሳቅሳል።

የእኛ ጋዝ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ፕሮፔንና ቡቴን በተራ የክፍል ሙቀት፣ በትንሽ ግፊት ፈሳሽ ይሆናሉ። ቤት የምናስገባው ቀላል የብረት ዕቃ የሚበቃቸው ለዚህ ነው። ሜቴን ግን በክፍል ሙቀት የፈለገውን ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም። «የካሉብ ጋዝ ሲወጣ ሲሊንደራችን በርካሽ ይሞላል አይደል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የኦጋዴኑ ካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ዋናው ሜቴን ደግሞ እኛ ቤት ያለው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም፤ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ምድጃ፣ ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሙከራ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ጋዙ ቢያመልጥ ወዴት ይሄዳል? በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ አጠገብ አሊሶ ካንየን በተባለ የመሬት ውስጥ ማከማቻ አንድ ጉድጓድ አፈሰሰ። እስከ የካቲት 2016 ድረስ አልተዘጋም። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቤታቸው ወጡ፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዛቸው ብዙ ነበሩ። አካባቢው ግን በእሳት አልጋየም። ጋዙ ሜቴን ነበር፣ ከገላጣ ተራራ ላይ ወደ ሰማይ ወጣ። ለአየር ንብረት ትልቅ ጉዳት ነው፤ መንገዱ ግን ሽቅብ ነበር።

በ1944 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ላይ የሆነው ሌላ ነው። በቅዝቃዜ ፈሳሽ የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ የያዘ ታንከር ተሰነጠቀ። ብረቱ ያን ያህል ቅዝቃዜ የሚችል አልነበረም፤ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ሆነ። ሜቴን ያው ቀላል ጋዝ ነው፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ግን ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ተንጣልሎ ሄደ፣ በፍሳሽ መክደኛዎች በኩል ወደ ከተማው ቱቦ ገባ። ከዚያ ተቀጣጠለ። 130 ሰው ሞተ። ማከማቻው ከመኖሪያ ቤቶች ጎን ነበር፤ ጋዙ ቢያመልጥ በየት እንደሚሄድ ግን አልታሰበበትም።

ቤታችሁ ያለው ሲሊንደር ከዚያ ታንከር ጋር አይወዳደርም። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ወለል፣ ፍሳሽ፣ ዝቅ ያለ ቦታ።

ቤታችሁን በዚህ ዓይን ተመልከቱ

ትንሽ ሒሳብ። 12.5 ኪሎ ጋዝ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ከ5 ሺህ ሊትር በላይ ይሆናል። ጋዙ እሳት ለመያዝ ከአየሩ 2 በመቶ ያህል መሆኑ ይበቃል። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነች የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት 2 በመቶዋ 300 ሊትር ገደማ ነው። ይህ አንድ ኪሎ ጋዝ እንኳን አይሞላም። ያውም ጋዙ በክፍሉ እኩል ሳይሰራጭ ታች ስለሚተኛ ከዚያ ያነሰም አደገኛ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሲሊንደሩን ልታስቀምጡ ያሰባችሁበት ቦታ ቁሙ። እዚያ አንድ ጆግ ውሃ ቢደፋ ወዴት ይፈሳል? ጋዙም በዚያው ይሄዳል። ውሃው ወደ በረንዳና ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ጥሩ ቦታ ነው። ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ ደረጃ ወይም ወለሉ ላይ ወዳለው የፍሳሽ ቀዳዳ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ኮንዶሚኒየም ላለው ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ በረንዳ ነው። ሲሊንደሩ ውጭ ይቁም፣ ጎማው በግድግዳው በኩል ቀዳዳ ተበስቶለት ይግባ። ቀዳዳው ውስጥ ጎማውን እንዳይቆርጠው የፕላስቲክ ቱቦ ይልበስ። ጎማው ከ1 ሜትር ተኩል ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከዚያ የሚርቅ ከሆነ የመዳብ ቧንቧ በባለሙያ አስገጥሙ። በረንዳው ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ጥላ ሥሩለት። ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ ከሥሩ ጡብ ወይም እንጨት አድርጉ፤ የሲሊንደር ዝገት ሁልጊዜ የሚጀምረው ከታችኛው ቀለበት ነው። የበረንዳው ግንብ እስከ ታች ድፍን ከሆነ ጋዙ እዚያው ይጠራቀማል፤ ከወለሉ ጋር እኩል የሆነ መውጫ ይኑረው። ለዝናብ ውሃ ተብላ ግንቡ ላይ ወደ ውጭ የተተወችው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ትበቃለች። በምንጣፍ ወይም በአበባ ማሰሮ አትድፈኗት።

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ለዓይን አላምር ቢለኝ ከማጠቢያው ሥር ከተትኩት» አሉኝ። ሳጥኑ አዲስ ነው፣ በሩ ግጥም ብሎ ይዘጋል። «እማማ፣ ችግሩ እሱ ነው» አልኳቸው። «ጋዙ ቢያፈስ እዚህ ውስጥ ይጠራቀማል። እርስዎም ሽታውን የሚሰሙት በሩን የከፈቱ ዕለት ነው።» በዚያ ላይ ሳጥኑ ውስጥ የማጠቢያው ሲፎን አለ፣ ከጎኑ የምጣዱ ሶኬት አለ። ወደ በረንዳ አወጣንላቸው። ለዓይን እንዳይከፋ ብለው ከሽቦ ወንፊት መጋረጃ አሠሩለት፤ እኔም ተደሰትኩ፤ ወንፊት አየር ያሳልፋል።

የቀበሌ ቤት ይከብዳል። አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውም ምድጃውም በመጋረጃ ተለይተው እዚያው ናቸው። እዚህ ላይ ምክሬ ጠንከር ያለ ነው። ሲሊንደሩ ሌሊት ቤት ውስጥ አይደር። ከውጭ ግድግዳው ጥግ፣ ጣሪያው ሥር፣ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን አሠሩለት። ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። ቀዳዳዎቹ ከላይም ከታችም ይሁኑ፤ የታችኞቹን ሰው ይረሳቸዋል፣ ዋናዎቹ ግን እነሱ ናቸው። ሌብነት ያሳስበኛል የሚል በሰንሰለት ይቆልፈው። ጊቢው የጋራ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ የእናንተ ጋዝ የሚሄደው በእነሱ ደፍ ነውና፣ የት እንዳስቀመጣችሁ የማወቅ መብት አላቸው።

ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ ደረጃ ሥር፣ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በፍጹም አይቀመጥም። ደረጃ ሥር የምለው በሁለት ምክንያት ነው። ጋዙ ደረጃውን ተከትሎ ወደ ታችኛው ጎረቤት ይወርዳል። እሳት ቢነሳ ደግሞ የምትወጡበት መንገድ እሱ ነው።

ቡናው የት ነው የሚፈላው?

ይህን ከማንም ምክር ውስጥ አላገኘሁትም፣ ለእኛ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቡናችን የሚፈላው መሬት ላይ ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ዕጣኑ እየጨሰ። የጋዝ ምድጃው እሳት ወገብ ላይ ነው፤ የቡናው ፍም ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ወለል ለወለል የሚሄድ ጋዝ መጀመሪያ የሚያገኘው ፍሙን ነው። ዕጣኑ ደግሞ የጋዙን ሽታ ይሸፍነዋል።

ቡና የሚፈላበትና ሲሊንደር ያለበት ክፍል ባይገናኙ ጥሩ ነው። ሌላ ክፍል ከሌላችሁ ከሰሉ ከመቀጣጠሉ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። ምድጃው ላይ ባለው ቁልፍ ብቻ አትርኩ፤ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ዝጉ። የቡናው ሥርዓት እስኪያልቅ ተዘግቶ ይቆይ።

ፍሪጅም እንዲሁ ነው። ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ይቆማል፤ በተነሳ ቁጥር ትንሽ የእሳት ብልጭታ ልትኖር ትችላለች፣ ያውም ከታች። ሲሊንደርን ከፍሪጅ፣ ከምጣድ ሶኬትና ከማከፋፈያ ገመድ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቁ።

ስትገዙ፣ ስትሸከሙ

ሲሊንደሩ አንገት ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። አንዱ ባዶ ክብደቱ ነው። 12.5 ኪሎ ጋዝ ከከፈላችሁ፣ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ባዶ ክብደቱና 12.5 ተደምረው መምጣት አለባቸው። ሚዛን የሌለው ሻጭ ጋ አትግዙ። የተመረመረበት ዓመትም እዚያው ይቀረጻል። ብዙ አገሮች በየ10 ዓመቱ እንዲመረመር ያዛሉ፤ ከዚያ በጣም የቆየ ካያችሁ ይቀየርልን በሉ። ታችኛው ቀለበት በዝገት የተበላ፣ ጎኑ የተጨረመተ፣ የመበየጃ ምልክት ያለበት አትቀበሉ። አፍንጫችሁን ወደ ቫልቩ አስጠግታችሁ አሽትቱ።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለ ቦታ አንድ ትምህርት ቤት ሽታ በሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ጋዙ ከወለሉ ሥር ተጠራቅሞ ማንም አላወቀም። ሽታ መጨመር በሕግ ግዴታ እየሆነ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ያንን ሽታ «ትንሽ ነው፣ ይጠፋል» ብላችሁ አትለፉት።

ከትልቅ ሲሊንደር ወደ ትንሽ የሚገለብጡ ሰዎች አሉ። ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ እባካችሁ አትግዙ። ሲሊንደር በፈሳሽ ጢም ብሎ አይሞላም፤ አንድ አምስተኛው ያህል ባዶ ይተዋል። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው። በጓሮ የሚገለብጥ ሰው ይህን የሚለካበት ነገር የለውም። ጠርዝ ድረስ የተሞላ ሲሊንደር ፀሐይ ላይ ሲቆም ለሚሰፋው ፈሳሽ ቦታ አይኖረውም።

በታክሲ ስትወስዱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ መስኮት ይከፈት፣ ሹፌሩ ሲጋራ አያጭስ። መኪና ውስጥ ዘግታችሁበት ገበያ አትግቡ። አራተኛ ፎቅ የምታስወጡት ከሆነ ለወዛደሩ ጥሩ ክፈሉትና በትከሻው ይሸከመው። በደረጃው ላይ እያንከባለለ የሚያወጣ አይቻለሁ፤ ቫልቩ አንድ ጊዜ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ከተላተመ በኋላ ምንም ጎሚኒ አያድነውም።

ማስቀመጥ ማለት ሁልጊዜ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ሲጋደም ፈሳሹ ወደ ቫልቩ ይመጣል። ሬጉሌተሩ የተሠራው ለጋዝ እንጂ ለፈሳሽ አይደለም፤ ነበልባሉ በድንገት ሊጎን ይችላል።

የሳሙና ምርመራ

አዲስ ሲሊንደር በተገጠመ ቁጥር ይህ ይደረጋል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። በትንሽ ሳህን ላርጎና ውሃ እኩል በእኩል እቀላቅላለሁ። ቀጭን ከሆነ አረፋው ቶሎ ይጠፋል፤ ወፈር ይበል። የምድጃው ቁልፎች በሙሉ መዘጋታቸውን አያለሁ። ከዚያ የሲሊንደሩን ቫልቭ እከፍታለሁ። ስፖንጁን ነክሬ መጀመሪያ ሬጉሌተሩና ቫልቩ የተጋጠሙበትን ቀለበት ዙሪያውን እቀባለሁ። ቀጥሎ ፋሼታው (የጎማው ማሰሪያ ቀለበት) ጎማውን የያዘበትን፣ ቀጥሎ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥሎ ምድጃው ጋ ያለውን ፋሼታ። በመጨረሻ የቫልቩን አንገት፤ እሱን ሰው ይረሳዋል።

ከዚያ መቸኮል የለም። ትልቅ ማፍሰስ ወዲያው ይንቸፈቸፋል። ትንሹ ግን ቀስ ይላል፤ መጀመሪያ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ትነሳለች፣ ትቆያለች፣ ከጎኗ ሌላ ትመጣለች። በደንብ ካልተመለከቷት ሳሙናው ራሱ የፈጠራት ትመስላለች። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሳሙናው አረፋ እየከሰመ ይሄዳል፣ የጋዙ እያደገ ይሄዳል። ብርሃን ካነሰ የባትሪ መብራት ከሩቅ አብርታችሁ አምጡ። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም።

ሬጉሌተሩ ጋ አረፋ ካያችሁ ቫልቩን ዝጉ፣ ሬጉሌተሩን ንቀሉና ጎሚኒውን ተመልከቱ። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ፋሼታው ጋ ከሆነ በካቻቢቴ ጠበቅ አድርጉ። ጎማው መሐል ላይ ከሆነ ግን በፕላስተር አይጠቀለልም፤ ሙሉው ይቀየራል። የአበባ ማጠጫ ጎማ አትጠቀሙ፤ ጋዙ ያደርቀዋል። ለጋዝ የተሠራ ጎማ ላይ ዓመተ ምህረት ታትሞበታል። ቢያልፍበት፣ ጎንበስ ሲደረግ ስንጥቅጥቅ ካለ፣ አይጥ ከነካካው ቀይሩት።

ድግስ ሲሆን፣ ትርፍ ሲኖር

ለድግስ ትልቅ ብረት ድስት ጥዳችሁ በትንሽ ሲሊንደር ስታበስሉ እሳቱ ይደክማል፤ ሲሊንደሩ በረዶ ይሆናል፣ ላብ ያወጣል። ያለቀ ይመስላል፣ ግን አላለቀም። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከሲሊንደሩ ነው፤ ፍጥነቱ ሲበዛበት ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ ፍል ውሃ የሚያፈሱበት፣ ከከሰል አጠገብ የሚያስጠጉት አሉ። ይህ አደጋ ነው። እሳቱን ቀንሱና አሳርፉት፣ ወይም ከመጀመሪያው ትልቁን ሲሊንደር ተከራዩ። ሲሊንደሩ ላይ የላቡ መስመር የቆመበት ቦታ ፈሳሹ የቀረበትን ከፍታ ያሳያችኋል።

ጋዝ ስለሚጠፋ ትርፍ ሲሊንደር የሚይዝ ሰው ብዙ ነው፤ እረዳለሁ። አንድ ይበቃል። በሥራ ላይ ካለው ጎን አታቁሙት፤ በአንዱ የተነሳ እሳት ሌላውን ያሞቀዋል። ክዳኑ ይታሰር። ባዶ የምትሉትም ባዶ አይደለም፤ ውስጡ ጋዝ ቀርቷል፣ ቫልቩ ተዘግቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ።

ሽታው ከመጣ

ክብሪት የለም፣ ሻማ የለም። ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ ማጥፋትም ብልጭታ ነው። ሶኬት አትንቀሉ። መብራት ጠፍቶ ከነበረ የበለጠ ፍጠኑ፤ ሲመጣ ፍሪጁም ምጣዱም አብረው ይነሳሉ። ቆጣሪው ከቤት ውጭ ደረጃው ጋ ከሆነና ሽታው እዚያ ካልደረሰ ከዚያ አጥፉት።

ቫልቩን መድረስ ከቻላችሁ ዝጉ። በር ክፈቱ። መስኮት ብቻ ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ጋዙ ግን ከመስኮቱ ደፍ በታች ነው ያለው። ወደ በረንዳ የሚያወጣውን በር ክፈቱና በካርቶን ወለል ለወለል ወደ ውጭ አራግቡ። ሽታው ከባድ ከሆነ ይህንንም ተዉት፤ ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ የታችኛውን ጎረቤት በር አንኳኩ፣ ደወሉን አትጫኑ። ውጭ ከሆናችሁ በኋላ በ939 ለእሳትና አደጋ ደውሉ።

ሬጉሌተሩ ጋ እሳት ከተነሳና እጃችሁን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ቫልቩን መዝጋት ከቻላችሁ ዝጉት። ካልቻላችሁ እሳቱን ብቻ ለማጥፋት አትታገሉ። ነበልባሉ ጠፍቶ ጋዙ መውጣቱን ከቀጠለ ይጠራቀማል። ውጡና ደውሉ።

ለምግብ ቤቶች

ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ብዙ ምግብ ቤት ከመሬት በታች ወጥ ቤት አለው። እዚያ ሲሊንደር አታስገቡ። ሲሊንደሮቹ ከላይ፣ ውጭ፣ በወንፊት ቤት ውስጥ ይሁኑ፤ በብረት ቧንቧ ወደ ታች ይምጣ፣ መግቢያው ላይ በአንድ እጅ የሚዘጋ ዋና ቫልቭ ይኑር። የወንፊት ቤቱ ከመንገድ የፍሳሽ መክደኛ ይራቅ። ሙሉውና ባዶው ለየብቻ ይቁም፣ በሰንሰለት ይታሰር። ዋናው ቫልቭ የት እንዳለ ሼፉ ብቻ ሳይሆን ዕቃ አጣቢዋም አስተናጋጁም ይወቁ።

ማታ የሚዘጋው ሰው ዋናውን ቫልቭ ዘግቶ ይሂድ። ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው መብራት ከማብራቱ በፊት ደፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ያሽትት። ሽታ ካለ ማብሪያውን ሳይነካ በሩን ከፍቶ ይውጣ። ከሌለ መብራቱን አብርቶ ሥራውን ይጀምር።